ጉሮሮ ላይ የቆመ ቡጢ

ካሱ እርጥብ ሳር ይዞ ኦይታ ደጃፍ ላይ የቆመ ዕለት ኦይታ ቤቱ ውስጥ ነበር። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ምክንያቱም ኦይታ ራሱ «ያን ቀን አባያ ወርጄ ነበር፣ መረብ ላይ ነበርኩ» እያለ ሲያወራ ኖሯል፤ የአርባ ምንጭ ሰፈር ሲቀላም ያመነች መስላ አልፋዋለች። ትንሽ ከተማ ውስጥ ማን ቤቱ እንደነበረ፣ ማን እንዳልነበረ የማያውቅ የለም። የሚታወቀው ሁሉ አይነገርም እንጂ።

ነገሩ የጀመረው በካራቴ ነው። ሰው በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የተጣሉት ከጃፓንና ከኮሪያ በመጣ ጠብ ነው። የራሳችን ጠብ ያነሰን ይመስል!

ኦይታ አርባ ምንጭ አጠገብ ያለችው የላንቴ ልጅ ነው። አባቱ ሙዝ ተካይ ነበሩ፤ እሱ ግን ሙዝ እስኪደርስ የሚጠብቅበት ትዕግሥት ስላልነበረው አባያ ወርዶ ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ገባ፣ ቤቱንም ሲቀላ ሠራ። አጭር ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ክንዱ መረብ ሲጎትት የደነደነ። ካሱ ደግሞ የደጋው አገር የገረሴ ሸማኔ ልጅ ነው። ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው በእጁ ብቻ አይደለም፤ እግሩ መርገጫውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሲል ይውላል። ያ ሥራና የገረሴ ዳገት ተባብረው ካሱን ረጅም፣ ቀጭን፣ እግረ ፈጣን አድርገውት ነበር። ሥራ ፍለጋ አርባ ምንጭ ወርዶ ለነጋዴ ጋቢ ሲሠራ ነው ከኦይታ ጋር የተዋወቀው።

ያገናኛቸው መምህር ሸዋንዳኝ ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ቀን ቀን ቁጥር ያስተምራል፣ ወደ ማምሻው ላይ አንድ አናጢ ቤት ጓሮ፣ ሰጋቱራው ላይ ወጣቶች ሰብስቦ ካራቴ ያሳያል። ልብሳቸው ልብስ ሰፊ የሰፋላቸው አቡጀዲ ነው፤ ቀበቷቸውም ከዚያው የተረፈ ቁራጭ። የሚደበድቡት ግንድ ላይ የተቸነከረ የመኪና ጎማ ነበር።

መምህር ሸዋንዳኝ አንድ ሕግ ነበረው። ሁለት ሰው ሲገጥም ቡጢ ሰው ላይ አያርፍም። በሙሉ ጉልበቱ ይሄድና ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ጋ አንድ ጣት ሲቀረው ይቆማል። «መምታትማ አህያም ይመታል» ይል ነበር። «ሰው የሚለየው ማቆም ስለሚችል ነው።» ዳኛ የሚባልም አልነበራቸውም። ቡጢው የቆመበት ሰው ራሱ ቀኝ እጁን ያነሣና «ተመታሁ» ይላል፤ ነጥቡ በዚያው ይያዛል። ያላየ መስሎ ያለፈ ልጅ ካለ መምህሩ አይቆጣውም፤ እንዲያው ዝም ብሎ ሰንበት እስኪያልፍ ስሙን አይጠራውም። ከዚያ ወዲያ የሚዋሽ አልተገኘም።

ኦይታና ካሱ በዚያ ሰጋቱራ ላይ «ተመታሁ» ሲባባሉ አደጉ ማለት ይቻላል። ኦይታ ዓሣ ይዞ ሲመጣ ካሱ ይበላል፤ ካሱ ጋቢ ሲሠራ የመጀመሪያውን ኦይታ ይለብሳል። ኦይታ አገርነሽን ሲያገባ ሚዜው ካሱ ነበር። ወንድም ያልነበረው ኦይታ ወንድም አገኘሁ ብሎ ያመነው ያኔ ነው፤ እውነቱንም ነበር።

መምህር ሸዋንዳኝ ወደ ሌላ አገር ተዛወረና ጓሮውን ለኦይታ ተወለት። ብዙም ሳይቆይ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፤ ካሱ ሄደ። ሲመለስ ሰውነቱ ያው ነው፤ እግሩ ግን ሌላ ትምህርት ተምሮ መጥቷል። ማሠልጠኛው ውስጥ አንድ ኮሪያዊ አሠልጣኝ ነበር አሉ፤ ቴኳንዶ የሚባለውን አስተምሯቸዋል። ካሱ ከመኪና ወርዶ ቤቱ እንኳ ሳይገባ በቀጥታ አናጢው ጓሮ ገባና ኦይታን «ቁም» አለው። ኦይታ ቆመ። ካሱ ዞረ፣ ዘለለ፣ የኦይታን ባርኔጣ በተረከዙ ከራሱ ላይ አንሥቶ ማንጎው ሥር ጣለው። ጸጉሩን እንኳ አልነካውም።

ኦይታ ሳቀ። ልቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልሳቀም፤ ወዳጁ እሱ የሌለበት ቦታ ሄዶ እሱ የማያውቀውን ነገር ይዞ መጥቷልና።

የዚያን ሰሞን ክርክራቸው የሚያስቅ ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፦

«እግር ከእጅ ይረዝማል አይደል?» ይላል ካሱ። «አለቀ። እጅህ እኔ ጋ ሳይደርስ እግሬ አንተ ጋ ይደርሳል።»

«አንዱን እግርህን ሰማይ ስትሰድ በስንት ነው የቆምከው?»

«ባንድ።»

«ታዲያ ያንን አንዱን ብነሣህስ?»

«ስትነሣኝ እኔ ቆሜ አይሃለሁ? አንተ እኮ እንደ ግንድ ተተክለህ ነው የምትጠብቀው። እኛ እንንቀሳቀሳለን!»

«እኛ መሬት እንይዛለን። ጉልበት የሚመጣው ከመሬት ነው። አየር ላይ ምን ጉልበት አለ?»

«እስቲ አየር ላይ ልምታህና ንገረኝ!»

ይሳሳቃሉ፣ ሂሳቡን እኔ እኔ ይባባላሉ፣ ይለያያሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ግን አልተለያየም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ካራቴም ቴኳንዶም በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ወገን ያዘ። ካሱ ከሲቀላ በላይ ሴቻ ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ አንድ አዳራሽ ተሰጠውና ወጣቶች ማሠልጠን ጀመረ። ወጣት ደግሞ የሚዘል ነገር ይወዳል። በኦይታ ጓሮ ሰጋቱራው ላይ ዝቅ ብሎ መቆም ሲማር ጭኑ የሚንቀጠቀጥ ልጅ፣ ሴቻ ወጥቶ በሳምንቱ መዝለል ከቻለ ለምን ሲቀላ ይቀመጣል? አንድ በአንድ ወጡ። ኦይታ ለካሱ «ልጆቼን ወሰድክብኝ» አላለውም። ቢለው ኖሮ ካሱ ግማሾቹን ይመልስለት ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ኦይታ ግን ኩሩ ነበር፤ ኩራቱም ዝም የሚያሰኝ ዓይነት ነበር፤ እሱ ይብሳል።

በዚህ መሐል ገነነ የሚባል ሰው ገባ። ገነነ የወጣቶችን ጉዳይ የሚመራ ካድሬ ነው፤ ለሁሉ ነገር መደብ የሚያወጣ ሰው። አንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ቴኳንዶ ከሶሻሊስት ወንድሞቻችን የተገኘ የሰፊው ሕዝብ ስፖርት መሆኑን፣ ካራቴ ግን ከኢምፔሪያሊስት ጃፓን የመጣ መሆኑን አስረዳ። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሳቅም መደብ ነበረው። ቀጥሎም በላብ አደሮች ቀን፣ ከሰልፉ በኋላ፣ ሴቻ ሜዳ ላይ ሁለቱ እንዲገጥሙና «ጥያቄው በተግባር እንዲፈታ» ወሰነ። ዳኛውም ራሱ ሆነ። ገነነ የሚያውቀው ስፖርት እግር ኳስ ብቻ ስለሆነ ፊሽካ ይዞ መጣ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን ሜዳው ሞላ። ከገረሴ ድረስ ሸማኔዎች ወርደው ነበር፤ የካሱ አጎት ዳልጮ ጭምር። ኦይታ ከመድረኩ ኋላ ቀበቶውን ሲያስር ካሱ መጣና ትከሻውን ያዘው።

«እንደ ድሮው ነው አይደል?» አለው።

«እንደ ድሮው» አለ ኦይታ።

እንደ ድሮው ማለት እንደ መምህር ሸዋንዳኝ ማለት ነው፤ ሁለቱም ሌላ ድሮ አልነበራቸውም። ኦይታ ልቡ ቀለል አለው። ያሸንፍ ይሸነፍ እንጃ፣ ከወዳጁ ጋር በአንድ ሕግ እንደሚገጥም ግን አወቀ። ለሕዝቡ ያን ሕግ የነገረው የለም። ለገነነም የነገረው የለም። ማን መንገር እንዳለበት ሁለቱም አላሰቡም፤ ሰጋቱራው ላይ ለማንም ተነግሮ አያውቅምና።

ፊሽካው ተነፋ። ካሱ እግሩን ሲያነሣ ሕዝቡ «ወይኔ!» ይላል። እውነትም ያምር ነበር። ኦይታ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን እያለ ጥቂት አሳለፈና አንዱ ካልቾ ሲመጣ ወደ ኋላ መሸሹን ትቶ ወደ ውስጥ ገባ። ረጅም እግር ቅርብ ሰው ላይ አይሠራም፤ ያን ከሻይ ቤቱ ክርክር ጀምሮ ሲያስበው ነበር። ገባ፣ ቀኝ ቡጢው ከወገቡ ተነሥቶ ሄደ፣ የካሱ ጉሮሮ ጋ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ኦይታ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ቡጢ ሰድዶ አያውቅም። ካሱም ያውቃል፤ ዓይኑ ላይ ይታያል። ኦይታ እጁን አወረደና እንደ ልማዱ ጠበቀ።

«ፈራ!» አለ አንድ ሰው ከሕዝቡ መሐል። «ሊመታው ፈራ!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። የካሱ ቀኝ እጅ ከጭኑ ላይ ትንሽ ተነሣች። ኦይታ አይቷታል፤ እስከ ወገቡ ድረስ ተነሥታ ነበር። ያኔ ገነነ ፊሽካውን ነፋና «ምንድን ነው የምትተያዩት? ቀጥሉ!» ብሎ ጮኸ። ያቺ እጅ ተመልሳ ወረደች። እግሩ ተነሣ። ኦይታ እጆቹን ጥሎ፣ «ተመታሁ» የሚለውን ቃል እየጠበቀ ቆሞ ሳለ የካሱ ተረከዝ መንጋጋው ላይ አረፈ።

ሲነቃ አፉ በደምና በአቧራ ተሞልቷል፣ አንድ ጥርሱ የለም፣ ካሱ ደግሞ የገረሴ ሸማኔዎች ትከሻ ላይ ነው። ገነነ በድምፅ ማጉያ ታሪካዊ ድል መገኘቱን እየተናገረ ነበር። ካሱ ከላይ ሆኖ ዘወር ብሎ አየው።

ጥርስ ምን ይሆናል? ኦይታን ያመመው ጥርሱ አይደለም። ሕዝብ ቢስቅበት፣ ገነነ ቢፈርድበት፣ ሕዝብም ገነነም አያውቁም ብሎ ይተወው ነበር። በዓለም ላይ ያ ቡጢ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱም ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦይታ ካሱ በሚያልፍበት መንገድ ማለፍ ተወ። ካሱ ሰላምታ ላከ፤ አልተቀበለም። ካሱ አንድ ቀን ዓሣ ማኅበሩ ድረስ መጣ፤ ኦይታ ጀልባውን ገፍቶ ውኃ ላይ ገባ። ወሬው ለሲቀላ ቡና አጣጭ ጥሩ ማጣፈጫ ሆነለት።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሚያዝያ ሲጋመስ፣ ሰሜን ላይ ጦርነቱ ከፍቶ፣ ውትድርናቸውን የጨረሱት ሁሉ እንደገና ተጠሩ። ካሱም ተጠራ። ሊሄድ በዋዜማው ጠዋት አጎቱን ዳልጮን ይዞ፣ እርጥብ ሳር በእጁ፣ ኦይታ ደጅ መጣና ቆመ።

በጋሞ ሳር ይዞ የቆመን ሰው አልፎ የሚሄድ የለም። ጦር ያነሣ ጦሩን ያወርዳል። በዳዩ ሳሩን ይዞ ከሽማግሌ ጋር ደጅ ይቆማል፤ የተበደለው ይወጣና ከሳሩ ግማሹን ይቀበላል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሳይወጣ ቢቀርና ሳሩ ደጁ ላይ ቢደርቅ ግን በደሉ ዞሮ የእሱ ይሆናል፤ አንድ ቀን ራሱ እርጥብ ሳር ይዞ ሄዶ እስኪለምን ድረስ። ይህን ኦይታ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው።

«ኦይታ ልጄ» አሉ ዳልጮ በጋሞኛ ከአጥሩ ውጭ ሆነው። «ሳሩ መጥቷል።»

ኦይታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። አገርነሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አትሰማም እንዴ? ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ውጣ እንጂ።»

«እኔ የጌታ ልጅ ነኝ። የሳር ነገር ውስጥ አልገባም።»

«መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን ከዘጋ ወዲህ አንድ ቀን ተንበርክከህ አላየሁህም!» አለች አገርነሽ። «ዛሬ በካሱ ሳር ልትጸድቅ ነው? ደግሞስ ጌታ ይቅር አትበል ብሎሃል?»

ኦይታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እውነቱን ለመናገር ግን የመውጣት ሐሳብ ነበረው። ትንሽ ይቁም ብሎ ነው። «እኔም ቡጢዬን ሰድጄ ቃሉን ስጠብቅ ቆሜ ነበር፤ እሱም ይቁምና ይቅመሰው» ብሎ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ዳልጮ ሁለት ጊዜ ተጣሩ። ሦስተኛውን ካሱ ራሱ ተጣራ፤ «ኦይታ! ነገ መሄዴ ነው!» አለ።

ያቺ «መሄዴ ነው» የምትለው ነገር ኦይታን ለምን እንዳናደደችው እሱም አያውቅ። ምናልባት ልቡን ስላሸነፈችው ይሆናል። ከተቀመጠበት ሳይነሣ በግድግዳው በኩል ጮኸ፦

«ያንን እግሩን ይዞ ከደጄ ይሂድልኝ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አገርነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኦይታ ትንሽ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነሣና ጫማውን አደረገ፤ የጫማው ክር አልገባ ብሎት ተጨነቀ። በሩን ከፍቶ ሲወጣ ደጁ ባዶ ነው። ሳሩ አጥሩ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የጎረቤት ፍየል ከሥሩ ቆማ እያጣጣመች ትበላዋለች።

ሮጦ ቢሄድ ይደርስባቸው ነበር። ዳልጮ ሽማግሌ ናቸው፣ ሩቅ አልሄዱም። «ነገ ጠዋት መኪናው ሳይነሣ እደርስበታለሁ» አለ ለራሱ። በማግስቱ ሲደርስ መኪኖቹ ገና በጨለማ ሄደው፣ እናቶች ብቻ መንገዱ ላይ ቀርተው ነበር።

ከዚያ በኋላ ኦይታ ለሰው «አባያ ወርጄ ነበር» ማለት ጀመረ። ጓሮው ውስጥ የቀሩትን ጥቂት ልጆች ያሠለጥን ነበርና አንድ ቀን ቡጢ ማቆም ሊያሳያቸው ክንዱን ሲሰድ ልጁ ፊት ላይ የካሱን ፊት ያየ መሰለው። እጁ አልቆመለትም። የልጁን አፍንጫ አደማው። ይቅርታ ጠይቆ፣ ጎማውን ከግንዱ ነቅሎ፣ ለአናጢው ጓሮውን አስረከበ። ሰዎች ዕድሜው ገፋ አሉ፤ ገና ሠላሳ አምስት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ሬዲዮ የከተማ ስም በጠራ ቁጥር ጆሮውን ይሰጣል። የማያውቃቸው የትግራይና የኤርትራ ቦታዎች ሁሉ የካሱ አድራሻ መሰሉት። «ይምጣ እንጂ» ይላል ለአገርነሽ። «ይምጣ እንጂ፣ እኔ ነኝ ሳር ይዤ የምሄደው።» አንዳንዴ ጠዋት ጠዋት ያ አጥር እንጨት ጋ ቆሞ ታገኘዋለች፤ ገብቶ የሀለኮ ቅጠል ቁርሱን እንዲበላ ትጠራዋለች።

በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምት መግቢያ ላይ አገርነሽ ከገበያ መጣችና ዘንቢሏን ሳታወርድ ተቀመጠች።

«ካሱ መጥቷል» አለች። «ገረሴ ነው፤ አጎቱ ቤት።»

ኦይታ ብድግ አለ። «ደህና ነው?»

«ገብስ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ናት የነገረችኝ።» ዓይኗን መሬት ላይ አደረገች። «ፈንጂ ረግጦ ነው አሉ። ቀኝ እግሩ የለም።»

ያንን እግሩን ይዞ። ኦይታ ቃሉን በራሱ ድምፅ እንደገና ሰማው። አገርነሽም ሰምታዋለች፤ ስለዚህ ነው ዓይኗን ያልሰጠችው። ኦይታ ቁጭ አለና አለቀሰ። ሚስቱ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር፤ ምን እንደምታደርግ ጨንቋት ዘንቢሏን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

በነጋታው አባያ ዳር ወርዶ ከሁሉ የለመለመውን ሳር አጨደ። እርጥበቱ እንዳያልቅ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ወደ ደጋው ተጓዘ። የቆላው ሙቀትና የመኪናው አቧራ ግን የሚራሩ አልነበሩም። ገረሴ ደርሶ ጥቅሉን ሲፈታ ሳሩ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆኗል። ዳልጮ ደጃቸው ላይ ቆመው ሳሩንም እሱንም አዩ።

«ገረሴ ሳር የለም ብለው ነገሩህ?» አሉት። ማጭዳቸውን አመጡና ሰጡት፤ ከደጃቸው አጭዶ፣ እንደ ሥርዓቱ ከአጥሩ ውጭ ተንበረከከ።

ካሱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክር የሚጠቀለልበትን ድውር ያዞር ነበር። መሸመን አይችልም፤ መርገጫው ሁለት እግር ይፈልጋል። ለአጎቱ ክር ያዳውራል፤ የሴትና የልጅ ሥራ። የሱሪው ቀኝ እግር ታጥፎ በመርፌ ተያይዟል። ኦይታን አየው፤ ክራንቹን አነሣና ተደግፎ ወጥቶ ከሳሩ ግማሹን ወሰደ። ምንም ደጅ አላስጠናውም። ኦይታ ቢያስጠናው ይሻለው ነበር።

ካሱ ተመልሶ ተቀመጠ። ኦይታ ከፊቱ መሬት ላይ ተንበርክኮ ቀረ።

«ያን ቡጢህን አይቼዋለሁ» አለ ካሱ።

«አውቃለሁ።»

«ልናገር ነበር። እጄ ተነሥታ ነበር።»

«እሷንም አይቻታለሁ።»

«ወዲያው ያገሬ ሰው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሸማኔ ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ኦይታ፣ ሸማኔ ብሎ ከመስደብ በቀር ለእግራችን ያጨበጨበ ሰው ነበር? አንዴ ልስማው አልኩ። አንዴ ብቻ።» ሳሩን በጣቶቹ ያዝ ለቀቅ አደረገው። «ሰማሁት። አልጣመኝም። ደጅህ መጥቼ የቆምኩት ያንን ልነግርህ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ስለማመድ ነው የዋልኩት።»

ኦይታ ስለዚያች ስለ ክፉ ቃሉ ሊናገር ፈለገ። ዓይኑ ወደ ሱሪው እግር ሄደ። ካሱ አየውና ራሱ ፈገግ አለ፤ ድሮ ሻይ ቤት ውስጥ እንደሚለው።

«በል የኔን ነገር ተወው። ቴኳንዶ ድሮም የሚቆመው ባንድ እግር ነው፤ አንተ ነህ የነገርከኝ። የጎደለኝ የሚመታው ብቻ ነው።»

ኦይታ አልሳቀም። «ምታኝ» አለ።

«ምን?»

«እጅ አለህ። መምህር ሸዋንዳኝ ያስተማረህን ምታኝ። እንዲያርፍብኝ አድርገህ ምታኝ።»

ካሱ ሳሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ቀኝ ጡጫውን ወደ ወገቡ ሳበ። ኦይታ ዓይኑን ጨፈነና አገጩን ቀና አደረገ። ነፋሱ ሲመጣ በቆዳው ተሰማው፤ ሌላ ነገር ግን አልመጣም። ዓይኑን ሲከፍት ቡጢው ጉሮሮው ጋ አንድ ጣት ሲቀረው ቆሟል። አይንቀጠቀጥም። ያን ሁሉ ዘመን አልረሳውም።

አሁን ተራው የኦይታ ነው። እጁን ማንሣት፣ አንዲት ቃል መናገር ብቻ። እጁ ከጭኑ ላይ ትንሽ ተነሣች፤ እዚያው ቆመች። ዳልጮ ከበሩ ሆነው ያያሉ፣ ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ያያሉ፣ እሱ ዝም ብሏል። ወዳጁ ያን ቀን ሴቻ ሜዳ ላይ እንዴት ዝም እንዳለ የገባው ያኔ ነው። ይህን ለማወቅ ሳሩ ደጁ የመጣ ቀን ጫማውን ቶሎ ማድረግ ይበቃው ነበር።

«ተመታሁ» አለ በመጨረሻ።

«እኔም» አለ ካሱ። ጡጫውን ፈታና ድውሩን አነሣ።

ኦይታ እስኪመሽ አጠገቡ ተቀምጦ ክሩን ያዘለት። ዓይኑ ታጥፎ የተሰፋውን ሱሪ እያየ፣ ያ የካሱ ቡጢ አርፎበት ጥርሱን ሁሉ አውልቆት ቢሆን ኖሮ እያለ ይመኝ ነበር።